አንድ ቦታ የማይቀመጥ ሊንክ

እህቱ ፌንጣ ትለዋለች። ስሙን ያወጣችለት ገና በልጅነቱ ነው። ተምሮ፣ ጢም አብቅሎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ስሙ እዚያው ቤት ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ዛሬም ቢሆን ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ አንድ ሻይ አይጨርስም። ይነሳል፣ መስኮት ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል፣ ስልኩን አይቶ እንደገና ይቀመጣል።

"ኧረ ቁጭ በል፣ ክሩን ከመርፌው አሳትከኝ።"

"ተቀምጫለሁ እኮ፣ እቴቴ።"

"የተቀመጠው ቂጥህ ነው።"

የተማረው የሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና ነው። ከተመለሰ ወዲህ ግን እጁ የነካው መሣሪያ ቢኖር የእህቱ የስፌት መኪና ብቻ ነው። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው። ሸሚዝ ሲያምረው ጎትቶ ያወጣዋል፣ አንዷን መዝዞ መልሶ ይቆልፈዋል። "ልብስህን ቁም ሳጥን ውስጥ ስቀል" ስትለው "እሺ፣ ነገ" ይላል። እዚያ ሳለ ሐሳቡ እዚህ ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ ሐሳቡ ወደዚያ ሄደ። ሰውየውና ሐሳቡ በመንገድ ላይ የሚተላለፉ እንጂ የሚገናኙ አልሆኑም።

እንዲህ ሲል ሲከርም የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ አስጠራችው። ጠና ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ብዙም ሳትጠይቀው የተበላሹ ማሽኖች ወደታጎሩበት ክፍል ይዛው ገባች። መሐል ላይ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚሞቁበት ሣጥን ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል። ክዳኑ መሬት ላይ ነው፤ ብሎኖቹ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተጠራቅመዋል።

"ይሄን ማን ፈታው?" አለ ፌንጣ።

"እንዳንተ ከውጭ የመጣ ልጅ። ፈትቶ፣ 'መጣሁ' ብሎ ሄደ። እስካሁን እየመጣ ነው።"

ፌንጣ ጎንበስ ብሎ የሽቦዎቹን አገጣጠም አየ። እጁን በላው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ አድርጎ እጁን የበላው ነገር አልነበረም።

"የሚወስነው ኮሚቴ ነው" አለችው ስትሸኘው። "ሐሙስ ይሰበሰባሉ። የባለሙያዎች መገናኛው ድረ ገጽ ላይ ያለህን ገጽ ሊንክ ዛሬውኑ ላክልኝ። የሠራኸውን እዚያው ያዩልሃል።"

"እልክልዎታለሁ" አለ። አለ እንጂ ሊንኩ የት እንዳለ አያውቅም። እስከዛሬ የፈለገው ሰው ሁሉ በስሙ ፈልጎ ያገኘው ነበር፤ አድራሻህን ስጠኝ ያለው የለም።

በቀጥታ የሄደው ወደ እህቱ ባል ማተሚያ ቤት ነው። አታሚው የሠርግ ጥሪና የንግድ ካርድ የሚያትም፣ ጣቶቹ ከቀለም ጸድተው የማያውቁ፣ ተጫዋች ሰው ነው። ሁለቱ ስልኩ ላይ አቀረቀሩ። ገጹ ይከፈታል፤ ፎቶው አለ፣ የተማረበት አለ፣ አድራሻው ግን የለም። ወዲያ ወዲህ ሲነካኩ ቆይተው ከስሙ ሥር "የመገኛ መረጃ" የሚለውን ሲጫኑ ብቅ አለ። ስሙና የአባቱ ስም፣ ከኋላው ደግሞ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ረጅም ጅራት።

"ሊንክ ነው ወይስ የመብራት ቆጣሪ?" አለ አታሚው።

"ድረ ገጹ ራሱ የሰጠኝ ነው፣ ጋሼ። መቀየር ይቻላል ይላሉ።"

በኮምፒውተሩ ከፈቱት። ከገጹ ጎን የእርሳስ ምልክት አለች፤ እሷን ሲጫኑ ጅራቱን ቆርጦ የወደዱትን መጻፍ ይቻላል። ፌንጣ ስሙን ብቻ ጻፈ። ተይዟል አለው። የአያቱን ስም ጨመረ። እሱም ተይዟል።

"ዘግይቶ የመጣ እንግዳ በር ላይ ነው የሚቀመጠው" አለ አታሚው። "ሥራህን ጨምርበትና እንገላገል። ምንድን ነው የምትሠራው?"

"የሕክምና መሣሪያዎች ሥርዓት..."

"አጠር አድርገው፣ ካርድ ላይ አይገባም።"

"ማሽን እጠግናለሁ።"

አታሚው ከስሙ ቀጥሎ "ጥገና" ብሎ በላቲን ፊደል ጻፈ። ገጹ ያለ አንዳች ማንገራገር ተቀበለ። ፌንጣ ለኃላፊዋ ላከላት። አታሚው በበኩሉ፣ ሳይጠየቅ፣ ሊንኩ ያለበት አንድ እሽግ ካርድ አትሞ ትኩሱን አሸከመው።

ማተሚያ ቤቱን ተሰናብቶ ጥግ እንኳ ሳይታጠፍ ልቡ ተንቀሳቀሰ። እመንገዱ ዳር ዝገት የበላው ቆርቆሮ ላይ "የቴሌቪዥን ጥገና" የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩ አንድ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ያን ሁሉ ዘመን ብርድ የጠጣሁት ለዚህ ነው? አለ በሆዱ። እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና "ጥገና"ን አጥፍቶ "መሐንዲስ" አለው። በማግሥቱ የአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ገጽ ሲያይ "አማካሪ" ይላል። እሱም አማካሪ ሆነ። ከምሳ በኋላ አማካሪነቱ ጉራ መሰለውና ተወው። ቀጥሎ ደግሞ፣ እዚህ ባይሳካ ለወዲያኞቹ ቀጣሪዎች እንዲመች ብሎ፣ ተምሮ የመጣበትን ከተማ ስም ለጠፈበትና ሊንኩን ጻፈላቸው። በቀየረ ቁጥር ከሥር በትንንሽ ፊደል የሚመጣ ማሳሰቢያ ነበር። አላነበበውም። የቸኮለ ሰው ትንንሽ ፊደል አያነብም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ።

"አንተ፣ የላክህልኝ ሊንክ 'ገጹ አልተገኘም' ይላል" አለች ኃላፊዋ። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች።

"ይቅርታ፣ ቀይሬው ነበር። አዲሱን አሁን..."

"የምን አዲሱን? አባዝቼ ለሁሉም ሰጥቻለሁ። እያንዳንዱ በየስልኩ እየሞከረ ነው። አንዱ ምን አለ መሰለህ? 'ገጹ ሳምንት ያልተቀመጠለት ሰው፣ እሱ ራሱ ይቀመጥልናል?' አሁን ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል። እስኪመለሱ ያንኑ የላክህልኝን አስከፍትልኝ።"

ገጹን ከፍቶ "ጥገና"ን መልሶ ጻፈ። ማሳሰቢያው መጣ። አሁን አነበበው። አድራሻ ሲቀየር የቀድሞው አይከፈትም ይላል፤ የመቀየሪያ ዕድልዎ ይህ የመጨረሻው ነው፣ ካጸኑት በኋላ ለወራት መቀየር አይችሉም ይላል። አውራ ጣቱ አየር ላይ ቀረች። የወዲያኛው ከተማ ስም ሊጠፋ ነው። ወዲያኞቹም የጻፈላቸውን ሊንክ ሲከፍቱ ባዶ ቤት ያገኛሉ።

"ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ" አለችው እህቱ እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ ሳታነሳ።

ነገራት። ሰምታው ስታበቃ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ወንድሜ። ደግሞስ ካርዱን ምን ልታደርገው ነው? ጀርባው ነጭ ነው ብዬ የደንበኛ ስም እየጻፍኩበት ከየልብሱ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ሰጠሁት። ሰፈሩ ግማሹ ጠጋኝ እንደሆንክ ያውቃል።"

"እቴቴ!"

"ምን? ወረቀት አይጣልም።"

ሊስቅም ሊቆጣም አቃተው። ሣጥኑ ትዝ አለው፤ ብርጭቆ ውስጥ ያሉት ብሎኖች፣ 'መጣሁ' ብሎ የሄደው ልጅ። ያ ልጅ ክፉ ሰው አልመሰለውም። ምናልባት እሱም ሻንጣው አልጋ ሥር ነበር። አውራ ጣቱ ወረደች።

"ተከፈተ" አለች ኃላፊዋ ሲደውልላት። "አንድ ነገር ንገረኝ፣ ቃሌ ነው ብዬ ስለማቀርበው። ትቀመጣለህ?"

የሚያምር መልስ ነበረው፤ መንገድ ለመንገድ ሲያጠናው ከርሟል። አላወጣውም።

"ስለ ራሴ እንጃ" አለ። "የተፈታውን ሣጥን ሳልገጥም ግን አልሄድም።"

"ከእሱ ኋላ ያለውንስ ክፍል ሙሉ?"

"አንድ በአንድ እያልን።"

"እሺ" አለችና ዘጋች። ፌንጣ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። እህቱ ሁለት እጅጌ ገጥማ ሦስተኛውን ስትጀምር ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"ሰኞ ና። ለሙከራ ነው" አለች ኃላፊዋ። "መሣሪያህን ይዘህ ና፣ የእኛ መፍቻ ሁሉ ጥርሱ ረግፏል።"

ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተው። መፍቻዎቹ ከታች፣ በወፍራም የብርድ ካልሲ ተጠቅልለው ነበር። ገና አውጥቶ አቅፏቸው ሳይጨርስ እህቱ ከኋላው መጣች። ሸሚዞቹን በክንዷ ጠርጋ ወንበሩ ላይ ከመረችና ሻንጣውን በእጀታው አነሳች።

"ቆይ፣ የት ልትወስጂው ነው?"

"ቁርጥራጭ ጨርቅ ማስቀመጫ ካጣሁ ስንት ጊዜዬ። ጎማ ያለው ደግሞ፣ ጥሩ ነው።"

እሱ አፉን እስኪከፍት ጥግ ላይ የተከመረውን ጨርቅ ሻንጣው ውስጥ ገልብጣ ይዛው ወጣች። ፌንጣ መፍቻዎቹን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። መቀመጫ ፈለገ። ወንበሩን ሸሚዞቹ ይዘውታል። ለመቀመጥ መጀመሪያ እነሱን መስቀል ነበረበት።