ማኅደር የገባው የሥዕል መጽሐፍ

መጽሐፍ አይላስም። ለልጅቱ መጀመሪያ የነገርኳት ይህን ነው፤ እሷ ግን የተሣለውን ዶሮ ጭራ እየላሰች ቀጠለች። ዞር ብላም አላየችኝ።

እኔ ወልደ ሥላሴ እባላለሁ። ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ካለች ደብር ዜማ ሳስተምር ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቁጣዬ ቅርብ ናት፣ አልክድም። ቤቴን የተማሪ ጎጆ ዙሪያውን ከቦታል፤ ተማሪዎቹ አሥራ አራት ናቸው፣ አሥራ አራቱም ከማለዳ እስከ ማታ በየፊናቸው እየጮኹ ያጠናሉ። እኔም ከእነሱ በላይ ካልጮህኩ የተሳሳተውን ማረም አልችልም። ያላወቀ መንገደኛ ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። ለኔ ግን ዝም ያለ ተማሪ ያልገባው ተማሪ ነው፤ ስሠራ የኖርኩት በዚህ ነው።

ልጅቱ የልጄ የሥርጉት ልጅ ናት። ውዳሴ ትባላለች፤ ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሥርጉት ፍኖተ ሰላም ተቀጥራ ስለምትሠራ ልጇን ከእኔና ከባለቤቴ ከካሰች ዘንድ ትታ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ውዳሴ በአበላሏም በሩጫዋም እንከን የላትም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሲሞላት ግን ገና አንድም ቃል አልወጣትም። ስትጠራም አትዞርም። አንድ ቅዳሜ ሥርጉት ከኋላዋ ቆማ አጨበጨበች፤ ልጅቱ አፈር መጫሯን አልተወችም። ሥርጉት እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ካሰች ግሽ ዓባይ ጠበል እንውሰዳት አለች፤ ሥርጉት ደግሞ ፍኖተ ሰላም ከጆሮ ሐኪም ዘንድ ለኅዳር ሃያ አምስት ቀጠሮ አስያዘች። ድምፅ ሳስተምር አርጅቼ የልጅ ልጄ ድምፄን ሳትሰማ ልትኖር ነው ወይ እያልኩ እኔም እህል መቅመስ ተውኩ።

መጽሐፉን ያመጣችው ፀደንያ ናት፣ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ቅጠሉ ወፍራም ካርቶን ነው፤ ስምንት ገጽ ብቻ፣ በየገጹም አንድ ሥዕል፤ ዶሮ፣ ድመት፣ ኳስ፣ ጫማ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ልጅቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሥዕሉን በጣቴ አሳይቼ፣ ስሙን እንድነግራት አዘዘችኝ። ገጹንም እሷ ትግለጥ አለች። ቆርኪ ለቃቅማችሁ ስጧት፣ ጣሳ ውስጥ እየጣለች ትጫወት አለች። ወይ ጊዜ! ትናንት የተወለደች ልጅ እኔን ማስተማር ልታስተምር።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «የኔታ፣ ስሙን ከጠሩላት በኋላ ይጠብቋት» አለችኝ። «እርስዎ ዝም ካላሉ እሷ መቼ ትናገራለች?»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

እንደ ወጣች መጽሐፉን ከልጅቱ አፍ አስጣልኩ፤ ምራቋን በነጠላዬ ጠርጌ ከዳዊቴ ጎን በተንጠለጠለው ባዶ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ከተትኩት። በእኛ ቤት መጽሐፍ የተባለ ሁሉ ማኅደር ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ መሬት ለመሬት አይንከባለልም። ካሰች የዶሮ ሥዕል ከዳዊት ጎን ሰቀሉት ብላ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

ከዚያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ እያወረድኩ በማውቀው መንገድ አስተማርኳት። ፊት ለፊቴ አስቀምጣትና መጽሐፉን እጇ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ዶሮ፣ በይ እላታለሁ። ዝም። ዶሮ፣ በይ። የተማሪው ጩኸት ከውጭ ሲያሸንፈኝ እኔም ድምፄን እጨምራለሁ። ልጅቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ ቆርኪዎቿ ትሄዳለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ፤ በይ፣ በይ፣ በይ። አንድ ቀን ካሰች ይተዋት፣ አትሰማም እኮ አለችኝና ፊቷን አዞረች። ደም ስሬ ተገታትሮ ጮህኩባት። የጮህኩባት እውነቷን እንዳይሆን ስለፈራሁ ነው።

የኅዳር ሚካኤል በደብራችን ታላቅ ንግሥ ነው። ማኅሌት ቆሜ አደርኩ፤ በማግሥቱ ስነሣ ድምፄ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። የሚወጣኝ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ያን ቀን ተማሪዎቹ በሙሉ ከወንዝ ማዶ ተዝካር ተጠርተው ሄዱ፤ ካሰችም ቡሬ ገበያ ወጣች። ግቢው ጭር አለ። እኔ አንገቴን በነጠላ ጠቅልዬ እንደ ተቀመጥኩ፣ ውዳሴ ቆርኪዎቿን ትታ ተነሣችና ግድግዳው ሥር ቆማ ሁለት እጇን ወደ ማኅደሩ ዘረጋች። እንዳልቆጣ የምቆጣበት ድምፅ የለኝ። አወረድኩላት።

ጭኔ ላይ ወጣችና ገጹን እሷው ገለጠችው። ዶሮው ነው። ዶሮ አልኳት በሹክሹክታ፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። በይ ልላት ብዬ ጉሮሮዬን ቢያመኝ ተውኩት።

ልጅቱ ቀና አለች። አፌን አየችው፤ ከዚያ ጆሮዋን ከንፈሬ ድረስ አስጠጋች። የምለው ስለሌለኝ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ሰው ፊት ተቀምጬ እንደዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ያልኩ አይመስለኝም።

«ዶዶ» አለች፣ እንደኔው በሹክሹክታ።

የሰማሁትን አላመንኩም። አሁን ደግሞ የተጠራጠርኩት የራሴን ጆሮ ነው። ገጹን ገለጥኩና ድመት ብዬ ጠበቅሁ። ማት አለች። ቀስ አድርጌ ከጭኔ አወረድኳት፤ በስተኋላዋ ሄጄ አንዲት ቆርኪ በጥፍሬ ቧጨር አደረግሁ። ለኔ እንኳ በቅጡ አልተሰማችም። ልጅቱ ዞረች። በስመ ሥላሴ! ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት፤ አሁንም ዞራ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ቆርኪዬን አምጣ ማለቷ ነው። ቆርኪዋን ሰጠኋትና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ይዤ አለቀስኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ጠግበው ተመለሱ፤ እንደ ልማዳቸውም ጀመሩ፣ አሥራ አራት ጉሮሮ በአንድ ጊዜ። ድመት ብዬ ብጠራላት ውዳሴ የለችም። ጭኔ ላይ ተቀምጣ የለችም። ያኔ ገባኝ። ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ሰው ሲጮህ ነው የሰማችው፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት አንዱም ለሷ ተብሎ አልተጮኸም። የኔውም በይ በይ ከዚያው ተቀላቀለ። ለሷ የሰው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ ለዝናብ ማን ዞሮ ያያል። ተማሪዎቹን በእጄ ጠቅሼ ሰበሰብኳቸውና ከነገ ጀምሮ ጥናታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር እንደሆነ በሹክሹክታ አዘዝኳቸው። የኔታን ምን ነካቸው ብለው ተያዩ። ይተያዩ።

ቅዳሜ ሥርጉት ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ውዳሴ ግን ያን ዕለት እናቷ ፊት ትንፍሽ አላለችም። ሥርጉት ስሟን ትጠራለች፤ መልስ ስታጣ ድምፅዋን ትጨምራለች። የኔው ልጅ አይደለች!

«አባየ፣ እባክዎ ተስፋ አይስጡኝ» አለችኝ። «ሐኪሙ ራሱ ይንገረኝ።»

አልፈረድኩባትም። እኔም ብሆን ልጅቱን ከመውደዴ የተነሣ ለቆርኪዋ ድምፅ መዞሯን ራሴ ፈጥሬው ይሆን እንዴ እያልኩ ነበር።

ኅዳር ሃያ አምስት መንገዱ ክፍት ነበረ፣ ተመስገን። ካሰች ጠበል በጠርሙስ አስይዛ ሸኘችን፤ ሥርጉት ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጠበቀችን። እናትና ልጅ ጸጥ ወዳለው የምርመራ ክፍል ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ሆኜ ምን እንደጸለይኩ አላውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያዜምኩት ሁሉ ጠፍቶኝ እባክህን፣ እባክህን ብቻ ስል ነበር።

ሥርጉት ልጇን ታቅፋ ወጣች። ሁለቱም ጆሮዋ ደኅና ነው አለች። እንዳልሰማ መስሏት ደገመችው፤ ከዚያ አጠገቤ ዘፍ አለች። ሐኪሙ ንግግሯ ዘግይቷል፣ ጸጥ ባለ ቦታ አጫውቷት፣ ከሦስት ወር በኋላም መልሳችሁ አሳዩኝ ብሏታል። እፎይ! የወር ትንፋሼን በአንድ ጊዜ ተነፈስኩት።

ከሰው ራቅ ብለን ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። መጽሐፉን ከነማኅደሩ አንግቤው ነበር። ውዳሴ ራሷ አወጣችው፤ እናቷ ጭን ላይ ወጥታም ዶሮውን ገለጠች። ሥርጉት ልትናገር አፏን ስትከፍት እጄን አንሥቼ ዝም አሰኘኋት። እኔ! ሰው ዝም ሳሰኝ!

ውዳሴ ጣቷን ዶሮው ላይ አድርጋ ዶዶ አለች። ከዚያ ቀና ብላ የእናቷን አፍ እያየች ጠበቀች። ሥርጉት እንባዋ ይወርዳል እንጂ ቃል አልወጣትም። ልጅቱ ጥቂት ታገሠቻት። በመጨረሻ ግንባሯን ቋጥራ ሥዕሉን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ዶዶ» አለቻት። «በይ!»

አትሰማኝም እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጮህኩት ቃል ነው፣ ከነቁጣው። ለካ ሁሉንም ሰምታኝ ኖሯል። እናቷ እንባዋን ጠርጋ ዶሮ አለች። ውዳሴም ልክ ነሽ እንደማለት ራሷን ነቀነቀችና ወደ ድመቱ ገለጠች።