ሳህኑ ባዶውን አይመለስም

እማማ ኪኑ አሥራ ሁለተኛውን ደረጃ ረግጠው እንደቆሙ፣ ማዶካ ከታች ሆና የስልኳን ሰዓት ተጫነችና ጮኸች።

«አሥራ ሰባት ሰከንድ! እማማ፣ ነሐሴ ላይ እኮ ሠላሳ አንድ ነበር!»

«ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ነው» አሉ እማማ ኪኑ ከላይ።

በሰባ ስምንት ዓመት እንዲህ መባል ያኮራል። እሳቸው ግን ጆሯቸው በሩ ላይ ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፉሳ ይመጣሉ። ማዶካ ስትመጣ ማክሰኞ ነበር የምትመጣው፤ ለመጨረሻው ልኬታ ምነው ሰኞን መረጠች?

ማዶካ በዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪ ናት። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አረጋውያንና የሚያነክሱ ውሾቻቸውን አንድ ላይ ታጠናለች። ከሳልሞን ዓሣ አፍንጫ ለስላሳ አጥንት የተሠራ ዱቄት መገጣጠሚያን ይረዳ እንደሆነ ማወቅ ነው የምትፈልገው። ነጩ እሽግ ለሰው፣ ሰማያዊው ለውሻ ነው። ከሚጠኑት ቤቶች ለግማሾቹ እውነተኛው ዱቄት ተሰጥቷል፤ ለቀረው የሩዝ ዱቄት ብቻ። ለማን የቱ እንደደረሰ ራሷ ማዶካም አታውቅም። ሕጎቹ ሁለት ናቸው፤ በየቀኑ አንድ እሽግ መውሰድ፣ ሂዙን ደግሞ ጨርሶ ወደ አፍ አለማስጠጋት። ሂዙ ያው የሳልሞኑ አፍንጫ ነው። በስሱ ተቆርጦ አቼቶ ውስጥ ይነከርና ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ከኢዋኪ ተራራ ሥር ተወልዶ ኅዳርን ያለ ሂዙ ያሳለፈ ሰው ካለ እማማ ኪኑ አያውቁትም።

«ቶራም ከፖም ዛፎቹ መሐል ሲሮጥ ቀርጬዋለሁ» አለች ማዶካ፣ ወፍራሙን ሽማግሌ ውሻ አንገቱን እያሻሸች። «ሃያኛዎቹ እናንተ ናችሁ። ሃያ ቤት ካልሞላ ፕሮፌሰሩ ጽሑፌን አይቀበሉኝም። አሁን ግን ሞላ! ዓርብ አስረክባለሁ፤ ጥር ሲገባ ለአዲስ ዓመት እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ሁለት ዓመት አላየኋትም።»

በዚህ መሐል ከውጭ ድምፅ መጣ።

«ኪኑዬ! አንቺ ኪኑ! የት ገባሽ?»

እማማ ኪኑ ደረጃውን ወረዱት። ማዶካ ለክታ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሰባት ሰከንድም አይሞላም ነበር። በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን ብቻ አወጡ።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! ልጅቷ መጥታለች።»

«የቷ ልጅ?»

«የዱቄቷ ልጅ ናታ!»

«እሰይ! ታዲያ ላመስግናት እንጂ። ትናንት መሰላል ላይ ወጥቼ ፖም ለቀምኩ እኮ! ከስድስት ዓመት በኋላ!»

«ብታመሰግኛት አለቀልሽ።»

«ኧረ በሞትኩት! ማመስገንም ነውር ሆነ?» ወይዘሮ ፉሳ ሰማያዊውን ሳህን አስጨብጠዋቸው እያጉረመረሙ መንገዱን ተሻገሩ። በሳህኑ ላይ ሂዙ ነጭ ሆኖ ያበራል።

ጥፋቱ የተጀመረው በሳጥኑ ነው። ማዶካ ነሐሴ ላይ እሽጎቹን ያመጣችው ክር በታሰረበት ቆንጆ ሳጥን ነበር። እማማ ኪኑ ዕድሜ ልካቸውን ስጦታ ተቀብለው ብቻቸውን በልተው አያውቁም። ፉሳም ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከሰባቱ እሽግ ሦስቱ በሳህን ሆኖ መንገዱን ይሻገራል። ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። መጀመሪያ ዱባ መጣበት፤ ሳልሞኑ ወንዙን መውጣት ሲጀምር ግን በየሰኞው ሂዙ ሆነ። የሰው እጅ ያዘጋጀውን መድፋት ኃጢአት ነው፤ ስለዚህ በሉት። እንደ ማር ይጣፍጥ ነበር፤ ምን ይደረግ!

«ምንድን ነው እሱ፣ እማማ?» ማዶካ ከኋላቸው ቆማለች።

«ይሄ? ይሄማ… ለሾዞ ነው» አሉ፣ ጥግ ወዳለው የሟች ባለቤታቸው መታሰቢያ እየጠቆሙ። «ሂዙ ነፍሱ ነበር።»

ሾዞ በሕይወት ሳሉ ሂዙ የቀረበበት ገበታ ላይ አይቀመጡም ነበር።

ማዶካ ግን አመነች። ሳህኑን ተቀብላ፣ ለሟች ምግብ እንደሚቀርበው፣ መታሰቢያው ላይ ባለው ፎቶ ፊት አስቀመጠች፤ በጉልበቷ ተንበርክካ ትንሿን ደወል መታችና እጆቿን ገጠመች። «አባባ ሾዞ፣ የባለቤትዎ ጉልበት ተሽሎታል። እሳቸው አንድም ቀን ሳያጓድሉ፣ የሚወዱትን ምግብ እንኳ ትተው ስለረዱኝ አመሰግናለሁ።»

እማማ ኪኑ ፎቶውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ሾዞ ሞተውም ሂዙ ቀረበላቸው፤ ያውም በውሸት።

«እንግዲህ ማኅተምዎ ብቻ ነው የቀረው» አለች ማዶካ፣ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። ‹በየቀኑ አንድ እሽግ ወስጃለሁ። ሂዙ አልበላሁም› ይላል።

እማማ ኪኑ ስማቸው የተቀረጸበትን፣ በፊርማ ፈንታ የሚመታውን ትንሽ ማኅተም ቀይ ቀለም አስነኩት። ልጅቷን ይወዷታል፤ በየማክሰኞው ከቶራ ጋር መሬት ላይ ስትንከባለል ቤቱ ቤት ይመስላል። አንዴ ወረቀቱ ላይ ቢመቱት ልጅቷ እናቷ ጋ ትሄዳለች። ማን ያውቃል? ፉሳ አፏን ከያዘች ማንም አያውቅም። ግን የሌላ አገር አሮጊት ይህን ወረቀት ተማምና ዱቄቱን ትገዛለች፤ ጉልበቷም እንደታመመ ይቀራል። የማኅተሙን ክዳን መልሰው ገጠሙት።

«ልጄ፣ ሾዞ ሂዙ አይወድም ነበር። የምበላው እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገሯት፤ ሦስቱን እሽግ፣ ሳህኑን፣ የፉሳን መሰላል። ማዶካ ሰሌኑ ላይ ዘፍ አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ማለት… ጉልበትዎ የዳነው በዱቄቱ ይሁን በሂዙ…»

«ወይ በፉሳ ወሬ። እኔም አላውቅም።»

ማዶካ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ቶራስ? የእሱንም አካፍለዋል?»

«ቶራ? ንጹሕ ነው። እሱ ለማንም አያካፍልም።»

በዚህ ጊዜ ሳቋ አመለጣት። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችና እጇን እማማ ኪኑ ጉልበት ላይ አሳረፈች። «ፕሮፌሰሩ ከፈቀዱ እንደገና እንጀምራለን፤ በረዶው እስኪቀልጥ። ለእናቴ የምመጣው በፀደይ ነው እላታለሁ። ግን ማካፈል የለም። ሂዙም የለም።»

«ለአዲስ ዓመትም?»

«ለአዲስ ዓመትም።»

እማማ ኪኑ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይሁን። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።» ከዚያ ሂዙውን በዕቃ ገልብጠው ሰጧት። «አንቺ አልተከለከልሽም፤ ብይው።»

የማዶካ መኪና ከሄደ በኋላ ሰማያዊውን ሳህን አጠቡት። እጃቸው በልማድ ወደ ፖሙ ሳጥን ሄደና ቀዩን፣ የዘንድሮውን ምርጥ ፖም አንስቶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ቆም ብለው አዩት። ይህ ፖም ዛሬ ከተሻገረ በሚቀጥለው ሰኞ ሂዙ ተሻግሮ ይመጣል። በአርባ አራት ዓመት ጉርብትና ይህ ሳህን ባዶውን መንገድ ተሻግሮ አያውቅም። ፉሳ ታኮርፋለች፤ ምናልባት ሁለት ቀን፣ ምናልባት ሳምንት።

ፖሙን አነሱና ገመጡት። ባዶውን ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቶራን አስከትለው፣ ወደ ፉሳ በር ተሻገሩ።