ሰው ያሸታል የተባለው ሳጥን

የሚስቴ የመይሙና ወንድም ሰላሁዲን ጋራዤ ውስጥ ካለው የመኪና መጠገኛ ጉድጓድ ከገባ መቶ ቀን ሆኖት ነበር። መይሙና ግን «ሠላሳ አንድ ነው፤ አንተ ሁሉን ታበዛለህ» ትለኛለች። ሠላሳ አንድም ይሁን። እንጀራ ደብቆ ማውረድ፣ ባልዲ ደብቆ ማውጣት፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር የልጁን ሳል በሬዲዮ ጩኸት መሸፈን፣ ይህ ሁሉ በቆቦ ሙቀት ሲሆን አንዱ ቀን በሦስት ይታሰባል። በዚያ ሂሳብ ዘጠና ሦስት ነው፤ መቶ ብል ምን አጠፋሁ?

ዓመቱ ሰባ ዘጠኝ ነው። ሰላሁዲን ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠርቶ ጠፍቷል። ከእሱ በፊት የሄደው የመይሙና ታላቅ ወንድም አልተመለሰም፤ የቀራት ይኸው አንድ ነው። ጉድጓዱን በጣውላ ከደንኩት፣ በላዩ የፊት ጎማ የሌለው ኤንትሬ የጭነት መኪና አቆምኩበት፣ ለመግቢያ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ያለችውን አንዲት ጣውላ ሳልቸነክር ተውኩ። እንዲህ ያለ መደበቂያ መንግሥት ራሱ የለውም።

አንድ ቀን መይሙና ምሳውን ይዛ ጣውላዋን ብታነሳ መልስ የለም። ጎትተን ስናወጣው ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ውሃ ብናፈስበት አስመለሰውና ነቃ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጠዋት ካርቡራተር በቤንዚን ሳጥብ ነበር ያረፈድኩት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ሄዶ ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

ሥራውን እንዳላቆም፣ ዝም ያለ ጋራዥ ቀበሌን ይጠራል። እንዳልቀጥል፣ ልጁ ይሞታል። ስለዚህ ያንን ሳጥን ሠራሁ።

ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖሎች ወሰድኩና ክራቸውን ሳልበጥስ ብርጭቆውን በሞረድ ገለጥኩ። አሥራ አንድ አምፖል አበላሽቻለሁ፤ እዚህ ላይ አልጨመርኩም። አንደኛውን በሽቦ ጉድጓድ አወረድኩት። ሁለተኛውን ንጹሕ አየር ይዞ እንዲቀር በመድኃኒት ብልቃጥ ከትቼ አፉን በሻማ ደፈንኩት። ከመኪና ባትሪ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሰጠኋቸው፤ እንዳይበሩ፣ ሞቅ እንዲሉ ብቻ። ቤንዚን የገባበት አየር ሙቀት ቶሎ አይወስድም። ስለዚህ ታች ያለው ክር ከጓደኛው ይበልጥ ይሞቃል፣ ሚዛናቸው ይዛባል፣ ኤሌክትሪክ ከሚለካ አሮጌ ቴስተር የፈታሁት መርፌ ደግሞ ቀይ ወደ ቀባሁበት ያዘነብላል። በዓለም ላይ ይህን የሠሩ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላውን አላውቀውም።

ሠራ! በቀን ሁለት ሦስቴ መርፌው ሲያዘነብል ደንበኛውን «ሂድ ሻይ ጠጣ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ» ብዬ እሸኛለሁ፣ ጣውላዋን አነሳለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል በካርቶን አራግባለሁ። ከታች «አብሽር ጋሼ፣ ደህና ነኝ» ይለኛል። ያንን ቃል ሳልሰማ አልቀመጥም ነበር።

ታዲያ ሰው ሳጥኑን አይቶ መጠየቁ አይቀርም። «ጋዝ ይለካል» ብዬ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

«ምን ምን ያሸታል ታሂር?» አለችኝ ዓሊማ፣ ሻይ ቤቷ ተቀምጬ።

«የማያሸተው ምን አለ? ሮቢት ላይ የተፈታ አህያ ጎብዬ ሳይደርስ ያውቀዋል።»

«ሰውስ?»

«ሰው? የሰውየውን አያት ጭምር!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደክሞኝ ነበር፤ ሲደክመኝ አፌ ብቻውን ይሄዳል።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ደምሴ ጠመንጃ ያነገተውን አብዮት ጠባቂ ካሳን አስከትሎ ጋራዤ ገባ።

«ጓድ ታሂር፣ ሦስት ሰው ጠፍቶብናል፤ አንዱ የሚስትህ ወንድም ነው። ሰው የሚያሸት መሣሪያ ይዘህ ዝም ትላለህ?»

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ የሻይ ቤት ጨዋታ እኮ ነው።»

«እሱን እናያለን። ካሳ፣ ጠጋ በልና ተንፍስበት።»

ካሳ ሲጠጋ የጠመንጃው ሰደፍ የቤንዚን ትሪዬን ገጨው። ትሪው ተገለበጠ፤ ቤንዚኑ በጠረጴዛው ሥር ሮጦ በጣውላዎቹ ስንጥቅ ወደ ታች ገባ። ካሳ ይቅርታ ጠየቀና ጎንበስ ብሎ ሳጥኑ ላይ ተነፈሰበት። መርፌው ተነሳ።

«አሸተተው!» አለ ደምሴ። «ዞር በል፣ እኔ ልሞክር።»

እሱ ሲተነፍስ መርፌው ጭራሽ ወደ ቀዩ ተጠጋ።

«አየህ? እኔን ከካሳ አስበልጦ አሸተተ!» ደስ አለው፤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ይህ ሽቦ የት ይሄዳል?»

«ኧርዝ ነው ጓድ፣ እንዳይነዝር።»

«በል ይህንን ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። ከዚሁ ካንተ እንጀምራለን።»

መይሙና በሩ ላይ ቆማ መርፌውን ታያለች። ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ እኩል ታውቃለች። የዚያን ዕለት ልጁን የጣለው ትነት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሙሉ ትሪ ነው የወረደበት። ቢያስል ይወሰዳል፣ ባያስል ይሞታል። እሱም አላሳለም።

ሽቦውን ከሳጥኑ መንጭቄ በጠስኩት። መርፌው ወደቀ።

«ጓድ ደምሴ፣ ውሸቴን ነው። አያሸትም። ሽቦው ሲላላ የሚንቀጠቀጥ የተበላሸ ቴስተር ነው። እርስዎንም አላሸተተዎትም።»

ፊቱ ጠቆረ። «በእኔ ነው የምትቀልድ?»

«አዎ ጓድ። ሳልቀልድ መኖር አልችልም።»

«ይህን ያወራህለት ሕዝብ ፊት ትደግማታለህ! ካሳ፣ ሳጥኑን ያዝ!»

ከሁሉም ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። መይሙና መንገድ ለቀቀችልን።

ዓሊማ ቤት ቆሜ ውሸታም መሆኔን ተናገርኩ። ሁለት ቃል ነበረች፣ አለቀች። ደምሴ ሊነሳ ሲል መይሙና ብቻዋን ጣውላ ስታነሳ፣ ሙሉ ሰው ስትጎትት ታየኝና «ይቆዩ ጓድ፣ አልጨረስኩም» አልኩ።

ከዚያ ሃያ ዓመት ያወራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ካድኩ። ዞብል ተራራ ላይ በመፍቻ የገደልኩት ነብር ነብር አልነበረም፤ ድመት ነበር። የጣሊያኑ መሐንዲስ እጄን ስሞ አልቅሶ አያውቅም፤ ጣሊያንም አልነበረም። ሳቁ። እንዳይሰለቹ እውነቱንም ውሸት ነው አልኩ። አላውሃ ድልድይ ላይ ፍሬን የበጠሰውን አውቶቡስ እውነት አቁሜዋለሁ፤ አርባ ሰው አይቶኛል። «እሱም ውሸት ነው» አልኩ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ እኔ ተሳፍሬበት ነበር» አለ። «ተሳስተው ነው አባቴ» አልኩት።

ደምሴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ሁለት ሻይ ጠጣ። ለሦስት ሰዓት ያህል ተናዘዝኩ፤ ዓሊማ ግማሽ ሰዓት አይሞላም ትላለች።

«ሳጥኑ ቀበሌ ይቀመጣል» አለ በመጨረሻ። «አንተም አፍህን ዝጋ።»

ስመለስ ሰላሁዲን ከኤንትሬው ኋላ ተዘርግቷል። ልብሱ በቤንዚን ርሷል፤ መይሙና በእርጥብ ሻሽ ፊቱን ትጠርጋለች፣ ጥፍሯ ተነቅሎ ጣቷ ይደማል።

«ይተነፍሳል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይተነፍሳል» አለች። ሻሹን እንደገና ውሃ ነከረችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉድጓዱን በአመድ አደረቅነው፣ ሁለት ቀን አናፈስነው። ከዚያ ሰላሁዲን ተመልሶ ወረደ፤ ሌላ የት ይሂድ? ሌላ ሳጥን ብሠራ በማግስቱ ደምሴ ይመጣል። ስለዚህ ካርቡራተር ባጠብኩ ቁጥር ጋራዡን ዘግቼ እኔም አብሬው እወርዳለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ራሴን ከእሱ ቀድሞ ያመኛል፤ ያኔ ጣውላዋን እከፍታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ጉልበታችን ተነካካ።

«ጋሼ፣ ወሬ አውራኝ እስኪ» አለ በጨለማው።

አሰብኩ። «የለኝም» አልኩት። «ዓሊማ ቤት ጨርሼው መጣሁ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ግንባሬን ወጋ አደረገኝ። ተነሳሁና ጣውላዋን በትከሻዬ ገፋኋት።