ማዕድን ያልሆነው ክሪስታል

ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ ሲል መብራቱም አብሮ ጠፋ። የድንጋይ ሙዚየሙ አስጎብኚ ያቀፈውን ሣጥን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። አጠገቡ የቆመችው ታላቅ እህቱ፣ የሙዚየሙ ኃላፊ፣ "ይኸውልህ" አለችው፤ ሊፍቱን ያበላሸው እሱ ይመስል። ያሳደገችው እሷ፣ ያስቀጠረችው እሷ፤ ዛሬም እንደ ልጅ ትቆጣዋለች።

"ለማንኛውም ያንን ስኳር መደርደሪያዬ ላይ አታስቀምጥም" ስትል የጀመሩትን ጭቅጭቅ ቀጠለች። "ማዕድን አይደለም፤ አለቀ።"

"አይደለምማ። ለምን እንዳልሆነ ላሳይ ነው እንጂ።"

ጎብኚው ሁሉ ይኸንኑ ይጠይቀዋል፤ ጨው ማዕድን ከተባለ ስኳር ምን በደለ? ሁለቱም ጠጣር፣ ሁለቱም ጠርዛቸው የተስተካከለ። ጨውን ግን ምድር ራሷ ሠርታ አስቀመጠችው። ስኳርን ሸንኮራ አገዳ አበቀለው፣ ፋብሪካ ጨምቆ አጣራው። እሱም ብርጭቆ ውስጥ ክር አንጠልጥሎ፣ ወር ሙሉ እንደ ልጅ እየተንከባከበ፣ ቡጢ የሚያህል የስኳር ክሪስታል አሳድጓል። ከድንጋይ ጨው ጎን ሊያስቀምጠው ነው፤ ሁለቱም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው።

"መሳቂያ... ልታደርገኝ..." አለችና ምላሷ ተሳሰረ።

"እታለም?"

ሣጥኑን አስቀምጦ እጇን ያዘ። ላብ አጥምቋታል፣ ትንቀጠቀጣለች። የስኳር ሕመሟን ኢንሱሊን ተወግታ፣ ለአዲሱ ማሳያ ክፍል ምረቃ ስትሯሯጥ ምሳ ሳትበላ ቀርታለች፤ በደሟ ያለው ስኳር ወርዷል። ከረሜላዋ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ቢሮ፤ የእሱም ስልክ እዚያው ቻርጅ ላይ። ደወሉን ተጫነ፣ በሩን ደበደበ፣ ተጣራ። የሰማው የለም። ግድግዳው የተጠጋው መሰለው። እህቱ እጁ ላይ ልትሞትበት ነው፤ ክፉኛ ፈራ።

ሣጥኑ ትዝ አለው። በጨርቅ የተጠቀለሉት ሁለቱ ክሪስታሎች በጨለማ አይለዩም። አንዱን ላሰ፤ ጨው። ሌላውን ከነጨርቁ ወለሉ ላይ አኑሮ ጫማዋን አውልቆ በተረከዙ ቀጠቀጠው። ያን ሁሉ ልፋት ሲያደቅ ቅር እንኳ አላለውም።

"አኝኪ፣ እታለም። በሞቴ።"

እንደ ሕፃን ፊቷን ታዞራለች፣ እሱም እየተከተለ ያጎርሳታል። ብዙ ቆይቶ ትንፋሿ ረጋ፣ እጇም መንቀጥቀጡን ተወ። በሩ አሁንም ዝግ ነው።

"ምንድን ነው ያበላኸኝ?"

"ስኳሩን።"

 በዳበሳ እጁን ፈልጋ ያዘች።

"እንኳንም ማዕድን አልሆነ" አለችው።