ከግንዱ ላይ

አናጢው እንጨት አውቃለሁ ባይ ነበር፤ ያውቃልም። ያላወቀው አንድ ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱም በገዛ ጓሮው ውስጥ የቆመው።

ችግኙን ያመጣው መርከበኛው የሚስቱ ወንድም ነበር። «ጥቁር ፍሬ አለው፤ ጣዕሙ ወይን ነው። ይዘገያልና ታገሡ» ብሎ ሄደ። ፍሬው በየት በኩል እንደሚወጣ አልነገራቸውም፤ እነሱም አልጠየቁም። ፍሬ ከቅርንጫፍ ሌላ በየት ሊወጣ ነው?

ባልና ሚስት ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ቅርንጫፉ አንጋጠጡ፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ስምንተኛው ዓመት ላይ ዝናቡ ሲገባ ግንዱን ነጭ ነገር ወረሰው። አናጢው እንጨት ላይ ነጭ ካየ ሻጋታ ነው፤ ሌላ ስም አያውቅለትም። ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ወጣና እንደ ጠረጴዛ እግር ሙልጭ አድርጎ ፈገፈገው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ዘንድሮ ሚስቱ ታመመች። ሐኪሙ አናጢውን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «ከእንግዲህ ቤቷ ይሻላታል» አለው፤ ነገሩ ገባው። «ምን አማረሽ?» ቢላት፣ «ያንን ፍሬ አንዴ ብቀምሰው» አለች። የሷ ነገር፤ ከሱቅ የሚገዛ ብትጠይቅ ምን ነበረበት። ዝናቡ ሲገባ ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሳም፤ ዛፉ ትዝም አላለው።

አንድ ጠዋት አንሶላ ሊያሰጣ ወጣ። ግንዱ ከሥር እስከ ላይ፣ የላም ሆድ ላይ እንደተጣበቀ መዥገር፣ በጥቁር እንክብል ተሸፍኗል። «ደግሞ ይሄ ምን በሽታ ነው?» ብሎ በጥፍሩ ቢፍቀው ፈነዳ። ላሰው። ጣፋጭ ነው። እርጥቡ አንሶላ ላይ ቁጭ አለ። ሲፍቅ የኖረው አበባውን ነው።

ቆቡን ሞልቶ ይዞላት ገባ። አንዱን ከንፈሯ ላይ ጨመቀላት፤ ሁለተኛውን ራሷ መጠጠችው።

«የከለከልኩሽ እኔ ነኝ» አላት። «በየዓመቱ አበባውን ስፈገፍግ ኖሬያለሁ። ሻጋታ መስሎኝ።»

 ከዚያ ቀኝ እጁን ስባ አሸተተችው።

«ዝናብ ሲገባ እጅህ ሽቶ ሽቶ ይለኝ ነበር። ሌላ ሴት ያለችህ መስሎኝ ስንት ዓመት በሆዴ ይዤ ተቃጠልኩ።»

«ምነው ታዲያ ሳትጠይቂኝ?»

«አዎ ብትለኝስ ብዬ።»

አናጢው ሊስቅ ሞከረ፤ እንባው ቀደመው። እሷ እጁን ጉንጯ ሥር አስገብታ ተኛችበት፤ እስክትነቃ ድረስ አላንቀሳቀሰውም።