አራት ጭረት

«ነብር ገብቷል» ትላለች አሰለፈች። ውኃ ስትቀዳም ትላለች፣ ከቅዳሴ ስትመለስም ትላለች። ነሐሴ ላይ ነብሩ የበላው የጎረቤታቸውን የፈንታሁንን ግልገል ነበር፤ ጳጉሜን ላይ ግልገሉ ጥጃ ሆነ፤ ለመስቀል ደግሞ አህያ፣ ያውም ከነጭነቷ።

«እትዬ አሰለፈች፣ አንቱ በዓይንዎ አይተውታል?» አለቻት ሶስና።

«እኔ ባየውማ እዚህ ቆሜ አወራሽ ነበር?»

«እንግዲያው ለሚቀጥለው ሳምንት ግመል ያብሉት። በአህያማ አይጠግብም።»

ከመንደራቸው ከጋፋት በላይ ያለው ተራራ ከከብት ንክኪ ከተከለለ ሦስት ዓመቱ ነው። ጥበቃው በቤት በቤት ተራ ነበር። ተረኛው አንዲት የወይራ ዱላ ይረከባል፤ ለሚቀጥለው ቤት እስኪያስረክብ ድረስ ከክልሉ አይወጣም። በእሱ ተራ ከብት ገብቶ ችግኝ ከበላ፣ ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲታጨድ ያ ቤት ማጭዱን ሰቅሎ ይቀመጣል። ለእነሶስና ይህ ቀልድ አልነበረም። ጭዱ አያዳርስም፤ ቡሬ የሚሉት አንድ በሬያቸው በጋውን የሚሻገረው በዚያ ሣር ነው።

ተራው ለእነሱ ሲደርስ አባቷ ይሻው ጤፍ አረም ላይ ስለነበሩ ዱላዋን የያዘችው ሶስና ናት። ወይራውንም ኮሶውንም በሐምሌ ዝናብ በእጇ ተክላለች። ስልኳ ላይ ደግሞ የተኩስ ጌም አለ፤ ማንም ሳያስተምራት ለምዳው፣ ደብረ ታቦር በወጣች ቁጥር የጌም ቤቱን ወንዶች ተራ በተራ ታሳፍራቸዋለች። ሁለቱን የምታስታርቅበት ሕግ ነበራት፦ አንድ ዙር ክልሉን፣ አንድ ዙር ጌም። ችግኙን ዞራ ሳታይ ጣቷ ስልክ አይነካም።

የዚያን ቀን ጠዋት፣ በመጀመሪያው ዙር፣ ላይኛው ጫፍ ካለው ትልቅ ጥድ ላይ አራት ጭረት አየች። ከደረቷ ትይዩ፤ ጥልቅ፤ ሙጫው ገና ያልደረቀ።

ይሄ ወሬ አይደለም።

ዙሩን ሳትጨርስ ወረደች። ታችኛውን የድንጋይ ካብ ተደግፋ ጌሙን ከፈተች። አንድ ዙር አለቀ፤ አሁን መነሣት ነበረባት። ቀና ብላ አየች። ሣሩ ከወገቧ በላይ ነው፤ ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዝ መሰላት። ሌላ ዙር ጀመረች። ደግሞ ሌላ። ጌሙ ውስጥ ብቻዋን ቤት ሰብራ ትገባለች፤ እዚያ ሞቶ መነሣት አለ። ጣቷ በላብ ተንሸራተተና ሞታ በማታውቅበት ቦታ ሞተች። ለመስማት ብላ የስልኩን ድምፅ አጠፋችው። ወፎቹ ዝም ብለዋል።

ከላይ ቅርንጫፍ ቀሽ አለ። ከባድ ነገር ነው። ቆመ። ተነፈሰ።

ዱላዋ ከእጇ ወደቀች። ሶስና እግሬ አውጪኝ አለች።

ከቀትር በኋላ ዱላዋን ያገኛት ፈንታሁን ነበር። ከጥዱ አለፍ ብሎ፣ እሷ ባልደረሰችበት በኩል ካቡ ፈርሶ፣ በዚያ የገቡ አምስት ከብቶች የሦስት ዓመቱን ችግኝ እስከ ግንዱ ግጠውታል። የተነፈሰው ከባድ ነገር በሬ ነበር። ዙሩን ጨርሳ ቢሆን ኖሮ ክፍተቱን ታየው፣ ትደፍነውም ነበር።

«ስልኳ ነው ያስበላን!» አለ ፈንታሁን፣ ሰው በተሰበሰበበት።

አሰለፈች ጠጋ አለቻት። «ነብሩን አይተሽው ነው፤ አይደል ልጄ? ንገሪያቸው እንጂ!»

«ፈራሁ» ብትል ምናልባት ይምሯት ነበር። ግን በአሰለፈች ነብር መፍራት! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

«ጌም ላይ ነበርኩ» አለች።

አባቷ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሌሎች አጨዱ። ጥር ላይ ቡሬ የጎን አጥንቱ ተቆጠረና ወደ ይፋግ ገበያ ተነዳ። ይሻው ባዶውን ገመድ ተሸክመው ተመለሱና ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ሶስና ውኃ አቀረበችላቸው፤ አልጠጡም።

«ያን ቀን ፈርተሽ ነው» አሉ።

ሶስና ያልተጠጣውን ውኃ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች።

«እንጨት ቆራጮቹ ተራራውን ሊጨርሱት ሆነ። ማንን ልለምን? እንዲፈሩ ብዬ የነብሩን ወሬ ለአሰለፈች ጣል አደረግሁላት፤ ለእሷ መንገር ለአገር መንገር ነው። አንቺማ ትፈሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም።» ከግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ማጭድ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ጥዱንም የጫርሁት እኔ ነኝ። በዚያ።»