እማማ ስትራመድ

ልጄ ሩሃማ ቲያትር ትማር ሲባል አልዋጥልኝ አለ። "ሒሳብ ያቃታት ልጅ መድረክ ላይ ብትዘል ምን ይረባታል?" ብዬ ተነጫነጭኩ። ባሌ ታዬ "ኸላስ፣ አለቀ፤ ተመዝግባለች" ብሎ ዘጋኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጅማን ሻርጃ የማመላልሳት ግን እኔው ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ጥግ ተቀምጬ ሳይ፣ መምህራቸው ጋሽ ሸዋንዳኝ "ዛሬ አሮጊት ወይም ሽማግሌ ሆናችሁ ግቡ" አሏቸው። ልጆቹ ተያዩ። እዚህ ዓረብ አገር አበሻ የሚኖረው ሥራ እስካለው ነው፤ ሲያረጅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ታዲያ እዚሁ የተወለዱ ልጆች አሮጊት የት ያውቃሉ?

ሩሃማ ፊቷን በመዳፎቿ ሸፍና፣ ግንባሯን ብቻ አውጥታ "ሄሎ! ይሰማል? ሄሎ!" እያለች ገባች። ቁርጥ እናቴን! እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ከግንባሯ በታች ታይታ አታውቅም። በሳቅ ሞትኩ።

ጋሽ ሸዋንዳኝ አልሳቁም። "ጎበዝ። አካሄዷስ እንዴት ነው?" አሏት።

ሩሃማ ወደ እኔ ዞረች። "ቀጥ ብላ ነዋ! እናቴ ዳገት አይበግራትም" አልኩ፣ እየኮራሁ።

"እናትሽን ሳይሆን ራሷን ጠይቂያት" አሏት።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ደወልን። "እማማ፣ ስልኩን አስደግፊውና ተራመጂልኝ። የቤት ሥራ ነው" አለቻት ሩሃማ።

"እግሬን ምን ያደርግልሻል፣ የኔ ቆንጆ? ግንባሬ አይበቃሽም?" ብላ ልታመልጥ ሞከረች። ሩሃማ ግን ግትርነቷ እንደ እኔ ነው። እናቴም ለልጅ ልጇ እምቢ ማለት አይሆንላትም። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደገፈችና ተነሳች።

ግድግዳውን ይዛ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ሄደች። በሩ ጋ ሳትደርስ ቆማ አረፈች። ለካ ግንባሯን ብቻ የምታሳየን ስልክ መያዝ ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ፣ እንባዬ እየቀደመኝ።

"በሰው አገር እየለፋሽ ሌላ ሐሳብ ልጨምርብሽ?" አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሩሃማ አንድ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ገባች። ማንም አልሳቀም። መሀል ስትደርስ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝና በእናቴ ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ "ልጄ፣ እዚህ ጋ ግድግዳ የለም። ነይ ያዢኝ" አለችኝ።

ተነስቼ ክንዷን ያዝኩ።

ሰኞ አል ጋርሁድ ሰፈር የምሠራበት ሆቴል እንደገባሁ ፈቃድ ጠየቅኩ። ሩሃማና እኔ፣ ሁለታችንም ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። የሒሳብ ትምህርቱ ስንመለስ ይደርሳል።